ሩጫ ብቻ ቀረ

ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛና አንዲት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ተቀምጠዋል። እሳቸው ጭናቸው ላይ ወፍራም የእንግሊዝኛ ዲክሽነሪ ይዘዋል። እሷ አንገቷን አስግጋ ታያለች።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ቀይ መስመር ማን አሰመረበት?»

«እኔ ነኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ላለችው ልጄ ብዬ።»

«‹ራን› ላይ እኮ ሩጫ ብቻ ነው የቀረው!»

«ታዲያ አንድ ቃል ሃያ ትርጉም ምን ያደርግለታል? እኛ መዝገብ ቤት ሁለት ፋይል ያለው ሰው ስናገኝ አንዱን እንሰርዝ ነበር።»

«ማስተዳደርም ነው እኮ! ለምርጫ መወዳደርም ነው!»

«እነሱንም ሰርዣለሁ።»

«በኢየሱስ ስም! የት ድረስ ሰረዙ?»

«ከኤ እስከ ዜድ። ሁለት ክረምት ፈጀብኝ።»

«ልጅቷስ ምን አለች?»

«‹አባዬ፣ ገላገልከኝ› ብላ ሸመደደችው። ብትጠይቂያት አንዱን አትስትም።»

«ፈተናዋ መቼ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት ገባች። መጀመሪያ እንግሊዝኛ ነው አሉ።»

«ወይኔ ጋሼ! ይሄን አሁን የት ይዘውት ይሄዳሉ?»

«ዱራሜ፣ ለወንድሜ ልጆች። እነሱም ለከርሞ ተፈታኝ ናቸው።»

መንገድ ላይ አንጋጫ መውረድ የነበረብኝ ሰውዬ፣ ዱራሜ መናኸሪያ ስንገባ ነው አፌን የገጠምኩት።