ለሚኒስትሩ የደረሰ ሰላምታ

አካም፣ አዴ ድርቤ! ግቢ፣ ግቢ። ነጋ? ፈያ? ደህና ነሽ? ልጆቹስ? ሰውዬሽስ? … ጭቃውን ተይው፣ ይጠረጋል። ዘንድሮ መቼስ ዝናቡ ከቡርቃ ጃቶ በቀር ሌላ ሰፈር የሚያውቅ አልመሰለኝም፤ ከጠዋት ጀምሮ አላባራ አለ። በይ ቀሚሱን ልበሺውና ቁሚልኝ፣ ጫፉን በመርፌ ልያዘው። ወደ መስኮቱ ጠጋ በይ፣ ብርሃኑ እዚያ ይሻላል። … እሰይ! አማረብሽ እኮ! ለነገው ስብሰባ ነው አይደል? «ተወካያችን ከመራጮቻቸው ጋር ይወያያሉ» እያለ ባጃጁ በድምፅ ማጉያ ሲዞር ሰምቻለሁ። ምክር ቤቱ ለክረምት ተዘግቶ እረፍት ላይ ናቸው አሉ። ይረፉ እንጂ! እጅ ማውጣት ቀላል ነው እንዴ? እኔ እንኳ መቀስ ይዤ ስውል ማታ ትከሻዬ የሚሆነውን አውቀዋለሁ።

ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። ቀጥ ብለሽ ቁሚ።

ልጄን ነው? ሊሊሴማ ደህና ናት፣ ተመስገን። ወሯ ገብቷል። እኔ ዘንድ መጥታ እንዳትወልድ አማቷ አልጋ ላይ ናት፤ አሮጊቷን የሚያገላብጣት ከእሷ በቀር ማን አለ? ስለዚህ እዚያው ናት፣ ከጉቴ ከተማ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በክረምት መኪና የማይደፍረው መንገድ ዳር። ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም … ቤቷ ከአዲሱ ጤና ጣቢያ ፊት ለፊት ነው። በር ለበር! እንዲያ ያለ ንጹሕ ጤና ጣቢያ ደግሞ የትም አላየሁም። ወለሉ ሳይረገጥ፣ አልጋው ከነላስቲኩ። ሪባኑ ከተቆረጠ ወዲህ አንድ በሽተኛ ገብቶ አላቆሸሸውም። አዋላጅ አልተመደበለትም፣ ውሃም አልገባለትም፤ ቁልፉ ግን ጠንካራ ነው፣ በቁልፍ በኩል ማንም አይታማም። ሪባኑን የቆረጠው እጅ ይባረክ።

አምና ምጥ ሲይዛት በዚያ በር አጠገብ ነው በቃሬዛ ያለፉት። ባሏ በሩን ደብድቦት ነበር አሉ፣ ማን ይከፍትልኛል ብሎ እንደሆነ እንጃ። ዝናብ ነበር፣ እንዲህ እንደዛሬው። ጉቴ ሳይደርሱ ልጁ … ወንድ ነበር። …

ወይኔ! ወጋሁሽ እንዴ? ይቅርታ ድርቤዬ፣ መርፌው አመለጠኝ።

እና ምን ልልሽ ነበር … አዎ፣ ጨዋነት። አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስም አልጠራም። ያንቺን ወንድም አላልኩም፣ ምን ቆርጦኝ! ብቻ አንድ ሰው ነው። ያሳደገው ቤት የጨዋ ቤት ነው፣ ይኼን ጠላቱም አይክደውም። ታውቂ የለ እዚህ አገር ወጉን? ሰው ሰው ጋ ለጉዳይ ቢሄድ ገና ከመግባቱ ጉዳዩን ይዘረግፋል? በጭራሽ! መጀመሪያ ባለቤቱ ይጠየቃል፣ ከዚያ ቤተሰቡ፣ ከዚያ ከብቱ፣ ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ ዝናቡ። ጉዳዩማ ለመሄድ ከተነሱ በኋላ፣ በር ላይ ቆመው፣ «ለካስ አንዲት ነገር ረስቼ» ተብሎ ነው። እኔም እዚህ ተወልጄ ያደግሁበት ወግ ነው፣ እወደዋለሁ።

ታዲያ ያ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ሲል አሁን አንቺ የቆምሽበት ቆሞ ሱፍ ለካሁት። የሊሊሴን ነገር ነገርኩት። አለቀሰልኝ፣ እውነቴን ነው፣ እንባው መጣ። «እትዬ ሙሉወርቅ፣ የጤና ሚኒስትሩ ሪፖርት ሊያቀርቡ ሲመጡ ያቺን ጥያቄ እኔ ራሴ እጠይቅልሻለሁ» አለኝ። ጥያቄዋ ደግሞ ምን ታህል መሰለሽ? «ጤና ጣቢያው መቼ ይከፈታል?» በቃ። ሌላ ጅራት የላትም፣ ሕፃን ልጅ በቃሉ ይይዛታል። እኔም ሱፉን ከልቤ ሰፋሁለት፤ ለልጄ ሠርግ እንኳ እንዲያ አልተጨነቅሁም።

አንቺ ሚኒስትሩ የቀረቡ ቀን አኖ ድረስ ለቅሶ ሄደሽ አላየሽም። ቀረብሽ! ሱቄ ሙሉ ሰው ነበር። ሊሊሴ ለምርመራ ወደ ከተማ መጥታ እዚች ወንበር ላይ ሆዷን ይዛ ተቀምጣለች። ጎረቤቴ ጋሮማ ሻይ ቤቱን ዘግቶ መጥቷል። ቴሌቪዥኑን ከፈትን። ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጸደቀ፣ እጅ ወጣ። የዕለቱ አጀንዳ ጸደቀ፣ እጅ ወጣ። ሚኒስትሩ ሪፖርታቸውን አነበቡ፤ በእኛ በኩል የተሠሩት ጤና ጣቢያዎች በሙሉ ተጠናቀው አገልግሎት እየሰጡ ነው አሉ። ሊሊሴ ሳቀች። ከዚያ አፈ ጉባኤው ለዚያ ለማውቀው ሰው ዕድል ሰጡት።

ተነሳ። ሱፉ ልክክ! «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ እንደምን ዋሉ? የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣ እንደምን ዋላችሁ? ክቡር ሚኒስትር፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ ደህና? ባልደረቦችዎ ደህና? ባለፈው ይዞዎት የነበረው ጉንፋን ለቀቀዎት?» አየሽ አስተዳደግ? ጋሮማ «አሁን ይላታል» አለ። «በእኛ በኩል ዝናቡ ጥሩ ነው፣ ከብቱም ደህና ነው፣ ሕዝባችን ሰላም በሉልኝ ብሏል …» ሊሊሴም «አሁን ነው፣ ዝም በሉ» አለች። «ለተሠራልን ጤና ጣቢያ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ይህን ካልኩ ዘንዳ አንዲት ትንሽ ነገር ነበረችኝ …» ከማለቱ ድምፅ ማጉያው ቀጥ አለ። «ክቡር አባል፣ ሰዓትዎ አልቋል፣ እናመሰግናለን።» እሱስ ተቆጣ? ተከራከረ? ምን በወጣው! ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ተቀመጠ። አፈ ጉባኤው ምን ያድርጉ፣ እዚያ አገር በር ላይ ቆሞ ማውራት የለም።

ሚኒስትሩም ቢሆኑ ጨዋ ናቸው። መልስ ሲሰጡ እሱን አልዘለሉትም። «የተከበሩት አባል ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ፣ ጉንፋኑ ለቆኛል» አሉ። የተጠየቁትን መለሱ እንግዲህ! ሰው ካልተጠየቀው ነገር ከየት አምጥቶ ይመልሳል?

ከዚያ ሪፖርቱ ለድምፅ ቀረበ። እውነቴን ልንገርሽ፣ እኔ የፈራሁት ብብቱን ነበር። አዲስ ሱፍ ነው፣ እጅጌው ጠበብ ካለ እጅ ሲያነሱበት ይይዛል፤ ያዋርደኛል ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ። የሚደግፉ ሲባል … ድርቤ ሙች፣ እንዴት ያለ አወጣጥ ነው! ቀጥ፣ ሳይሸበሸብ፣ ከሁሉ ቀድሞ! በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አገልግሎት እየሰጠ ነው ማለት ነው። አገር ከመሰከረ ምን ይባላል? ሊሊሴ ናት ተሳስታ የተዘጋ በር ያየችው። እሷም ቴሌቪዥኑን ሳትዘጋው ነጠላዋን አንስታ ወደ መናኸሪያ ሄደች፣ ደህና ሁኚ እንኳ አላለችኝም። ይኸው የኔ ልጅ፣ አስተዳደግ አነሳት።

ለምን እንዲህ ታዪኛለሽ? ተናደደች ብለሽ ነው? እኔ? …

አዎ፣ ተናድጃለሁ፣ ድርቤ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እንቅልፍ የለኝም። ያን በር ደግማ በቃሬዛ ታልፈው ይሆን እያልኩ ነው የምገላበጠው። ልጄን እንዳላጣት ፈርቻለሁ። …

ተይው፣ ተይው። ዙሪልኝ እስቲ፣ ከኋላ ልየው። ወገቡ ጋ ትንሽ ይጠባል።

ነገማ እመጣለሁ፣ ለምን እቀራለሁ? ግን አልናገርም፤ በእንዲያ ያለ ጨዋ ሰው ፊት እኔ ምን አፍ አለኝ? ደግሞ ነገሩ ተይዟል። ስልክ ደውዬለት «በቃል ያልተነሳ ጥያቄ በጽሑፍ ይቀርባል፣ ቋሚ ኮሚቴው ከእረፍት ሲመለስ ጥቅምት ላይ ያየዋል» ብሎኛል። ሥርዓት ነው፣ ሥርዓት ጥሩ ነው። ልጁ እስከ ጥቅምት ይቆይ እንደሆነ ሊሊሴን እጠይቃታለሁ።

በይ አውልቂው፣ ጨርሻለሁ። ለነገ ጠዋት ተተኩሶ ይጠብቅሻል።

ቂም ይዛብናለች እንዳትዪ ደግሞ። እኔ ቂም አላውቅም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ለዚያ ሰው ጸልዬለት ነው የመጣሁ። እናንተ ጴንጤዎቹ በቀጥታ ነው የምትለምኑት፤ እኛ በመልአክ በኩል ነው የምንልከው፣ ያው እንደ ምክር ቤቱ። «ጌታዬ፣ ዕድሜና ጤና ስጠው፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አብቃለት» አልኩ። «ምናልባት ክፉ ቀን መጥቶበት፣ ልጁ እጁ ላይ ሆና ወደ አንተ የጮኸ እንደሆነ ደግሞ፣ ልመናውን ይዞ ፊትህ የሚቆምለት መልአክ … ልክ እንደሱ ጨዋ ይሁንለት።»

አሜን በይ እንጂ፣ ድርቤ።