«አለሁ» የምትለው መስኮት

— ሄሎ? … አቤት፣ ጋሼ አንሙት! ስንታየሁ ነኝ። ጮክ ይበሉ፣ ይቆራረጣል።

ስንታየሁ የቢሮውን በር በእግሩ ገፋ አድርጎ ዘጋ። የታረደ ዶሮ ማቀዝቀዣ መጋዘኑን የኮምፒውተር ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው፤ እዚያ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጡት ደግሞ ጋሼ አንሙት።

— ዶሮው በሙሉ ተበላሸ? … በሙሉ። … የማስጠንቀቂያ ደወሉን እርስዎ ነቀሉት አሉዎት? ማን አለ፣ መናሄሉ? … አለቃው ራሱ! … አላደረጉትም፣ አውቃለሁ። ግን ኮምፒውተሩ ላይ ያለችውን መስኮት ነክተዋል? … አሳነሷት። ለምን? … አዎ፣ እንዳይዘጉ ታዘዋል። … ከፍተው ቢሄዱ ደግሞ በእጅዎ የጀመሩት ሥራ በሻባት፣ በሰንበት ቀን፣ ሊሠራ ነው። እሷንም ሻባት አስከበሯት ማለት ነዋ! … አልሳቅኩም። ሳል ነው።

— ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ማቀዝቀዣው ሲሞቅ መስኮቷ ትቀላለች። ፕሮግራሙ «ትታያለሽ?» ይላታል። «አልታይም» ካለች ደወል ይጮኻል፤ «አለሁ» ካለች ተረኛው አይቷታል ብሎ ዝም ይላል። … እሷማ «አለሁ» አለችዋ! ታች ጥግ ላይ ጥፍር አክላ ተቀምጣ እንኳ፣ ስትጠየቅ «አለሁ» ነው የምትለው። … ውሸታም አይበሏት፤ የጠየቅኳት እኔ ነኝ። «አሳንሰውሻል ወይ?» ብዬ ለብቻው መጠየቅ ነበረብኝ። … አዎ፣ ዛሬ ጨምሬዋለሁ። አንድ መስመር ናት። … ለዶሮውማ ምን ይረባዋል።

— ከሰዓት ከሥራ ሊያሰናብቱዎት ነው? … እመጣለሁ። አውቶቡሱ ኢንዱስትሪ ቀጠናው በር ላይ ያወርደኛል። መናሄሉ ፊት ቆሜ «ስህተቱ የኔ ነው» እላለሁ። … እናቴ ትሙት! … ኧረ አይመርቁኝ፣ ጋሼ።

በሩ ተከፈተ። የስንታየሁ አሠሪ ሞርደካይ ነው፤ ክንዱን አጣጥፎ ቆመ።

— ሬጋ፣ ሞርደካይ፣ አንድ ጊዜ… ኬን፣ አዎ፣ ከመጋዘኑ ነው። … ልክ ነው? ፕሮግራሙ ልክ ነው ልበላቸው? … ሞርደካይ፣ እኔ እኮ … አይ። ሥራዬን እፈልገዋለሁ። … በሴደር፣ እሺ።

— ሄሎ፣ ጋሼ… አይ፣ ሰው ገብቶ ነው። … ድምፄ ቀነሰብዎ? መስመሩ ይሆናል። … እ… ደወሉን ግን… ሽቦውን ደህና አድርገው አይተውታል? … አይ፣ እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው። … ከሰዓት፣ አዎ። … ምን አሉኝ? … አለሁ፣ ጋሼ። አለሁ።

ስልኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ጃኬቱ ከሰዓትም እዚያው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ ዋለ።