በዜናው ያልተሰበረው ድልድይ

(የአንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ ሬዲዮ ጣቢያ፤ የጠዋቱ አንድ ሰዓት ዜና ሊጀምር አሥር ደቂቃ ሲቀረው። አዘጋጇ እማዋይሽና ድሮ አብሯት ዜና ያነብ የነበረው፣ ዛሬ የወረዳው ኮሙኒኬሽን ኃላፊ የሆነው ታፈረ።)

ታፈረ፦ እትዬ፣ ይችን አንዷን ዜና ብቻ ከዝርዝሩ ያውጧት። ሌላውን እንዳለ ያንብቡት።

እማዋይሽ፦ የድልድዩን?

ታፈረ፦ የድልድዩን። እስከ ነገ ብቻ። ነገ ምክር ቤቱ በጀት ያጸድቃል፤ የእናንተም ጣቢያ እዚያው ውስጥ አለ።

እማዋይሽ፦ ባለፈው «እስከ ቅዳሜ» አልከኝ፣ አቆየሁት። ቅዳሜ ለገበያ የተጫነች አህያ እግሯ በሳንቃው መሀል ሾለከና ጤፉ ወንዝ ገባ።

ታፈረ፦ አህያዋ ተርፋለች አይደል?

እማዋይሽ፦ ተርፋለች። ሰው እስኪገባ ነው የምንጠብቀው?

ታፈረ፦ ይረዱኝ እንጂ እትዬ። ታኅሣሥ ላይ ሪባን የተቆረጠለት ድልድይ ነው። አለቆቼ «በእኛው ገንዘብ እኛኑ ይሰድቡናል» እያሉ ነው።

እማዋይሽ፦ በማን ገንዘብ? ጤፉ ወንዝ የገባበት ሰውዬ እኮ ግብር ይከፍላል። እሱ ደግሞ «ለምን አትናገሩልንም?» ብሎ ትናንት ደጄ ላይ ቆሞ ዋለ።

ታፈረ፦ እሱ በጀት አያጸድቅማ!

እማዋይሽ፦ እሱስ እውነትህን ነው።

ታፈረ፦ ጣቢያው ቢዘጋ ማን ይጠቀማል? የትልቁ ከተማ ሬዲዮ እንደሆነ የኛን ወንዝ ስሙን እንኳ አያውቀውም።

እማዋይሽ፦ ይኼን ንግግር ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ደክሞኛል ታፈረ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ ከጨረሰ ሁለት ሳምንቱ፤ መብራት ሲሄድ እኛም እንሄዳለን። ሁለት ሪፖርተር ነበረኝ። አንዷ ሱቅ ከፈተች፤ አንዱ አንተ ነህ።

ታፈረ፦ አይቀልዱብኝ።

እማዋይሽ፦ ለቀልድ አቅሙ የታለኝ? በቃ፣ ይኸው ሰረዝኩት። ደስ አለህ?

ታፈረ፦ ደስስ አላለኝም።

እማዋይሽ፦ ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ልሥራበት።

ታፈረ፦ ሌላም ጉዳይ ነበረኝ። አጎቴ ጋሽ እንዳላማው ማታ አረፉ። እንደተለመደው ከዜናው በኋላ የቀብሩን ጥሪ እንዲያነቡልኝ ነው። ጽፌዋለሁ።

እማዋይሽ፦ ውይ! እኒያ ደግ ሰው! እግዜር ያጥናህ ልጄ። ምነው ስትገባ ሳትነግረኝ?

ታፈረ፦ ሥራው ይቅደም ብዬ ነው።

እማዋይሽ፦ አምጣ እስቲ። «አቶ እንዳላማው ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ ቀብራቸው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት በማዶ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።» ከሥር ያለችውስ? «ማሳሰቢያ፦ ድልድዩ ስለተሰበረ ለቀስተኞች በላይኛው መንገድ እንድትዞሩ።» ታፈረ፣ ይኼ የአንተ እጅ ጽሑፍ ነው።

ታፈረ፦ የዕድሩ ዳኛ «ጻፍ» ሲሉኝ ጻፍኩ። እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም፤ አላስተዋልኩትም።

እማዋይሽ፦ እና ምን ላድርግ? ዜናው ላይ ድልድዩ አልተሰበረም፤ የአጎትህ ቀብር ላይ ተሰብሯል።

ታፈረ፦ እንግዲህ... ማሳሰቢያዋንም ያውጧት።

እማዋይሽ፦ አወጣታለሁ፤ መሰረዝ ለምጄዋለሁ። ለመሆኑ አክስትህ በየት በኩል ነው የሚሻገሩት? ከቆላ የሚመጣው ዘመድህስ? ሬሳ የሚሸከሙት ልጆችስ?

ታፈረ፦ እትዬ፣ ተዉኝ።

እማዋይሽ፦ ልተውህ። እስክሪብቶው ይኸውልህ፣ አንተው ሰርዛት። የዛሬዋን እንኳ እኔ ላይ አትጣላት።

ታፈረ፦ አልችልም።

እማዋይሽ፦ ሁለት ደቂቃ ቀረኝ።

ታፈረ፦ ዜናውን ይመልሱት። መጀመሪያ ላይ ይሁን፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይስማው።

እማዋይሽ፦ ነገስ? እኔ ካነበብኩት በጀቱም የለ፣ ጣቢያውም የለ። አሥራ ሰባት ዓመቴን ነው እኮ እዚህ ወንበር ላይ የጨረስኩት። ፈራሁ፣ አልዋሽህም።

ታፈረ፦ እርስዎ አያነቡትም። ይነሱልኝ፣ ልቀመጥ።

እማዋይሽ፦ አብደሃል? ቀዩ መብራት ሊበራ ነው፣ አየር ላይ ልንገባ ነው!

ታፈረ፦ እንደምን አደራችሁ። ታፈረ ነኝ፣ የወረዳው ኮሙኒኬሽን ኃላፊ። የማዶ ጊዮርጊስ ድልድይ ተሰብሯል፤ ማንም እንዳይሻገርበት።