የልጄ ጩኸት
እሁድ ከቤተክርስቲያን ስመለስ ልጄ ኤርፎን ጆሮዬ ውስጥ ሰካችና፣ «አባዬ፣ አልበሜን ሳትመርቅልኝ አላወጣውም» አለችኝ። ፐንክና ኤሌክትሮኒክ ነው አለች፤ እኔ የሰማሁት ግን ጩኸትና የቆርቆሮ ድብደባ ነው። እዚህ በስደት በምንኖርበት ከተማ ያለው የናኪቩቦ መናኸሪያ እንኳ ከዚህ ይሻላል! አማተብኩ። «ማን ላይ ነው እንዲህ የምትጮኺው?» «አገር ቤት ወንድሜን ያሰሩት ላይ።» «ታዲያ የወንድምሽ ስም የታለ?» አቀረቀረች። «አንተ እንዳትፈራ ብዬ ተውኩት።» ኤርፎኑን ከጆሮዬ ነቀልኩ። «እኔ በየማለዳው እግዜር ፊት እጠራው የለ? አንቺም ጥሪው እንጂ!»

ትናንት እንደገና አሰማችኝ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል «ናሆም!» ስትል ሰማኋት። እጄን ራሷ ላይ ጫንኩና፣ «ድምፅሽን እግዜር ወንድምሽ ዘንድ ያድርሰው» ብዬ መረቅኋት። ያቺ ጯሂ ልጄ «አሜን» ያለችኝ ግን በሹክሹክታ ነው።