የኔታ ላክሽሚ «ቻሉ» ስትል

በእኛ ጊዜ ጭፈራ ማለት ትከሻ ነው፤ እግር ትከሻውን ተሸክሞ ይቆማል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። ከበሮ መቺ ስለነበርኩ አውቃለሁ፣ የቀበሌያችን ኪነት ውስጥ ስድስት ዓመት ከበሮ መትቻለሁ፣ እና ስለ ምት ማንም ያስተምረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ምን ያስቅሃል አንተ? እጄ እኮ አሁንም አልረሳም፣ ጠረጴዛውን ልምታልህ? ታዲያ ያን ሁሉ ኩራቴን አንዲት ህንዳዊት እዚሁ የምንኖርበት ግሬፕቫይን ከተማ፣ ጋራዧ ውስጥ፣ አፈር ድሜ አስጋጠችው።

ያ ቤንዚን ጣራ የነካበት ዓመት ነው። እኔ ለአንድ ሆቴል ሻትል እነዳለሁ፣ ከኤርፖርት ሆቴል ከሆቴል ኤርፖርት። ሥራዬ ጠዋት ነው፣ ሶ ከሰዓት በኋላ ሊያን ከትምህርት ቤት ፒክ የማደርጋት እኔ ነኝ። ሊያ የልጄ የገነት ልጅ ናት፤ ያቻት፣ ሶፋው ላይ ስልኳን እያየች የማትሰማ መስላ የምትሰማዋ። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች ግን አትመልስም። «ሊያ ምሳ በላሽ?» ስላት «የስ»፣ «ምን በላሽ?» ስላት «ፉድ»! እና መኪና ውስጥ ሃያ ደቂቃ አብረን እንቀመጣለን፣ የሚያወራው ሬድዮው ነው። ይሄ ያመኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ያመኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ራሷ አፏን ከፈተች። «አባባ፣ እኔ ዳንስ እፈልጋለሁ። የስራቫኒ ዳንስ።» ስራቫኒ የክፍሏ ልጅ ናት፣ ወላጆቿ ከህንድ የመጡ። እኔ ተቆጣሁ፣ «የህንድ ጭፈራ? ያ የጣዖት ነገር?» አልኩ። ገነት ነርስ ናት፣ ደክሟት ገብታ ጫማዋን እያወለቀች «አባዬ፣ ልጅቷ በአማርኛ ጠየቀችህ እኮ! እስቲ ቁጠረው፣ ስንት ቃል ነው?» አለችኝ። ቆጠርኩት። ስድስት ቃል! በዓመት ያልሰማሁት ስድስት ቃል በአንድ ትንፋሽ። ምን አደርጋለሁ፣ ወሰድኳት።

መምህርቷ ላክሽሚ ትባላለች። ጋራዡ መኪና የለበትም፣ ግድግዳው ላይ መስታወት አለ፣ ዘጠኝ ልጆች ተሰልፈዋል፣ እሷ መሬት ቁጭ ብላ በዱላ ጉማጅ እንጨት ትመታለች። ዱላዋን ሳይ የቄስ ትምህርት ቤት ትዝ አለኝና የኔታ አልኳት፣ እስከ መጨረሻውም የኔታ አልኳት። ታዲያ መጀመሪያ ያደረጉት ምን መሰላችሁ? ጎንበስ ብለው መሬቱን በእጃቸው ነኩና ዓይናቸውን ነኩ። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት። «አሁን ልንረግጣት ነው፣ ይቅርታ እየጠየቅናት ነው» አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ እንዲገባኝ ቀስ ብላ። መሬትን! እኛ ስድስት ዓመት ስንደበድባት ማን ይቅርታ ጠየቃት? ያን ቀን ጣዖት ማለቴን ተውኩ።

ጭፈራው ኩቺፑዲ ይባላል። የህንድ ጭፈራ አንድ አይደለም፤ የእኛ የጉራጌና የጎንደር እንደሚለየው የእነሱም ባገር ባገሩ ነው፣ ይሄኛው አንድራ ከሚባል አገር ነው፣ ቋንቋቸው ቴሉጉ። ዓይን ለብቻው ይጨፍራል፣ ጣት ለብቻው ይናገራል፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ቃጭል ታስሮ እግር ከበሮ ይመታል። የኔታ ደግሞ በአፏ «ታ ካ ዲ ሚ፣ ታ ካ ጁ ኑ» እያለች ስታንቆረቁረው እኔ ከበሮ መቺው አልደርስባትም። ሞከርኩ እኮ! ጉልበቴን እየመታሁ ተከተልኳት፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ጥላኝ ሄደች፣ ልጆቹ ሳቁብኝ።

እና ከሁሉ የሚበልጠው ትሪው ነው። የነሐስ ትሪ መሬት ላይ ይቀመጥና ልጅቷ ጠርዙ ላይ ትቆማለች፣ በእግር ጣቶቿ ጠርዙን ቆንጥጣ ትሪውን ይዛው ትሄዳለች፣ ወደፊት፣ ወደ ጎን፣ እጇና ዓይኗ ሳያቋርጥ! የኔታ ራሷ ስታሳያቸው ያየሁ ቀን ተነስቼ ቆምኩ። ምን ልበላችሁ፣ ለእንዲህ ያለ ሰው ተቀምጠህ አታይም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ፣ አንተ ስልክህን አስቀምጥ። የኔታ ልጆቹን አሥሬ ካስደጋገመቻቸው በኋላ ሁልጊዜ እጇን ዘርግታ «ቻሉ! ቻሉ!» ትላለች። መጀመሪያ ስሰማ ከወንበሬ ልወድቅ! አማርኛ! ለእኛ ብላ ተምራ ነው ብዬ። እንዴት ያለች ሴት ናት፣ ልጆቹ ሲደክማቸው «ቻሉ» ትላቸዋለች፣ ጠንክሩ፣ ታገሡ። የኪነታችን አለቃም እንዲሁ ነበር የሚለን። ለአንዷም «ቻሉ»፣ ለዘጠኙም «ቻሉ» ነው የምትለው፣ የውጭ ሰው ናት፣ አንዱንና ብዙውን ብትቀላቅል አይፈረድባትም አልኩ። ልጆቹ ቻሉ ሲባሉ ጭራሽ ማቆማቸው ትንሽ ይገርመኝ ነበር። ሰነፎች ናቸው ብዬ አለፍኩት።

እና መኪና ውስጥ ወሬያችን እሱ ሆነ። «ሊያ፣ የኔታ ዛሬ ምን አለች?» «ቻሉ አለች!» «ቻላችሁ?» «ቻልን!» ሬድዮው ተዘጋ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄድን።

ታዲያ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ትልቅ ዝግጅት አላቸው፣ የኔታ ሁለት ልጆች ትሪ ላይ ልታወጣ ነው። አንዷ ስራቫኒ፣ ሁለተኛዋ ሊያ፣ ከእንግዲህ ካልወደቀች። ሊያ ሌላ ነገር አታስብም፣ እንቅልፏ ውስጥ ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ። እኔ ደግሞ የገነትን የእንግዳ ትሪ ከኩሽና አወጣሁላት፣ ያን ባለ አበባውን፣ ጎባበጠ፣ ገነት እስከዛሬ ይቅር አላለችኝም። አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ ጠርዙ የሊያን እግር ቆረጣት። የኔታ ጎንበስ ብላ አየችውና «ሊያ፣ ቻሉ» አለቻት። ሰማሁ፣ በጆሮዬ! ሶ ቤት ስንገባ «አባባ፣ እግሬ» ስትለኝ «ቻይ! የኔታ ምን አለች?» አልኳት። አሰረችውና ትሪው ላይ ወጣች። ሳምንቱን ሙሉ።

በሳምንቱ የኔታ ፋሻውን ፈታ ስታየው አብጧል። እኔ ላይ ዞረች፣ «ቻሉ አላልኩም? አላልኩም ወይ?» «ብለሻል እንጂ!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ፣ «እኛም ችለናል!» ስራቫኒ ናት እጄን የያዘችኝ፣ «ቻሉ በቴሉጉ እኮ ይበቃል ማለት ነው» አለችኝ በእንግሊዝኛ። ይበቃል! ልጅቷን «ይበቃሻል» ብላታለች፣ እኔ ትሪ ላይ አውጥቻታለሁ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ትሪው ቀርቷል» አለች የኔታ። ሊያ አላለቀሰችም። ጥግ ሄዳ ቁጭ ብላ ቃጭሏን መፍታት ጀመረች፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እንግሊዝኛዬ ለዚህ የሚሆን አይደለም፣ አማርኛዬም አልመጣ አለኝ። እና የኔታ ፊት ጎንበስ ብዬ መሬቱን በእጄ ነካሁና ዓይኔን ነካሁ፣ እነሱ እንደሚያደርጉት። የኔታ ደንግጣ ዘላ ትከሻዬን ያዘችኝ፣ ለካ በእነሱም አገር ትልቅ ሰው ለታናሹ አይጎነብስም። «ጥፋቱ የእኔ፣ እግሩ የእሷ» አልኳት፣ ያችኑ መጣችልኝ። ሄዳ የሊያን እግር እንደገና አየች። «ሦስት ሳምንት አለን» አለች በመጨረሻ፣ «እናቷ ድኗል ካለች ትወጣለች። ግን መድረክ ላይ ቻሉ ካልኳት ወዲያው ትወርዳለች።» በየትኛው ቋንቋ ልል ነበር፣ አፌን ያዝኩ።

ገነት በየቀኑ አጠበችው፣ እኔ ትሪውን መኪናዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ቆለፍኩበት። ዳነ። ማኪኒ የሚባል ከተማ ነው ዝግጅቱ፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ ተከራይተው። እኔና ገነት ፊት ለፊት ተቀመጥን። የኔታ መድረኩ ዳር ቁጭ ብላ ትንንሽ የናስ ጸናጽል ይዛ ምት ትሰጣለች። ሊያ ወጣች፣ ዓይኗ ተኩሏል፣ መሬቱን ነካች፣ ትሪው ላይ ቆመች። እኔ ራሴን ረስቼ «ወፌ ቆመች!» ብዬ ጮህኩ፣ ህንዱ ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ገነት ጎኔን ጎሰመችኝ።

ሄደች። ትሪው ሲንሸራተት ይሰማል፣ ቃጭሉ ይሰማል። መሃል ላይ ሲደርስ ትሪው አንድ ጎኑ ተነሳ፣ ሊያ ዘመም አለች። «ቻሉ!» አለች የኔታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሊያ ዓይኗን ከጥግ ወደ ጥግ እየመለሰች ነበር፣ እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። አየችኝ። ከዚያ ጣቶቿን ጥርቅም አድርጋ ጠርዙን ያዘችና ቀጠለች! እስከ ዳር፣ ተመልሳም እስከ መሃል። የኔታ ምን ታድርግ፣ በጸናጽሏ ተከተለቻት። መጋረጃው ሲዘጋ ትቆጣታለች ብዬ እየሮጥኩ ከኋላ ስገባ፣ አቅፋት ታለቅሳለች።

መኪና ውስጥ «ቻሉ ስትልሽ ለምን አልወረድሽም?» አልኳት። «አባባ፣ እኔ በአማርኛ ነው የሰማሁት» አለችኝ። በቃ። እኔ ይቺን መልስ ይዤ ነው የምሞተው።

«አባባ፣ እኔ ግን መጀመሪያ ቀን አውቃለሁ» ትላለች ሊያ ከሶፋው።

ምኑን?

«ቻሉ ስቶፕ እንደሆነ። ስራቫኒ ነግራኛለች።»

ሁለት ዓመት ሙሉ? እግርሽ ሲቆረጥም? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አንቺ ልጅ!

«ትሪውን ፈልጌ ነበር። እና ደግሞ… አንተ መኪና ውስጥ ደስ ብሎህ ነበር። ብነግርህ ምን እናወራለን?»

ሰማችሁ? ሰማችኋት? ቆይ፣ መነጽሬን ልጥረግ። አትሳቁብኝ እንጂ! እሺ፣ ቻሉ። በቴሉጉው ነው ያልኩት፣ ተነሱና እራት ብሉ።