የፈይሩዛ ላፕቶፕ ናኢማ ቤት ሲገባ

ወላሂ ብዬ ማልኩ፤ ውሸት ሆኖ ተገኘ።

የማልኩት ለጎረቤቴ ለናኢማ ነው። ቤታችን በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። ድሮ የዋይፋይዋን ፓስዎርድ ሰጥታኝ ነበር። ዘንድሮ ልጇ በቪዲዮ መማር ጀመረች፣ ከአስር ሰዓት እስከ አስራ አንድ ተኩል።

«ፈይሩዛ፣ በዚያ ሰዓት ባትጠቀሚ ደስ ይለኛል። ይቆራረጥባታል» አለችኝ።

እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ በላፕቶፑ የምሠራው በስልኬ ዳታ ነው። እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ዛሬም ተቋረጠባት። ራውተሩ ውስጥ ያንቺ ስም አለ።»

«ወላሂ አልነካሁም።»

ስልኳን አሳየችኝ። «ፈይሩዛ» ይላል፤ የላፕቶፔ ስም ነው። ግራ ገባኝ። ወደ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ የለም። አስር ዓመት አብረን ኖረን።

ሐሙስ ከመድኃኒት ቤት፣ ከሥራዬ ስመለስ ሀጂ ኢርሻድን አስፋልቱ ዳር አገኘኋቸው። የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ቆርቆሮ ሲሸጡ ኖረው ሱቁን ለልጃቸው ትተዋል፤ አሁን ሰው ያስታርቃሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ናኢማ አዝናብሻለች» አሉኝ።

«ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። መውሰዱስ ይሁን። መማሉን ምን አመጣው?»

«አልወሰድኩም ሀጂ።»

«ታዲያ ማን ወሰደ?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም መልስ አይደለም። ነይ፣ ተከተዪኝ።»

ናኢማ ቤት ገባን። ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ወጥታለች። ናኢማ ለሀጂ ሻይ ቀዳች፣ ለእኔም ቀዳች፣ ግን አላየችኝም። ታናሽ እህቷ ሙቢናም ነበረች። ኮሌጅ ኮምፒውተር የተማረች ልጅ ናት።

ሀጂ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሙቢና እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«ሀጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ላፕቶፑ በራሱ ገብቶ ይሆናል።»

«በራሱ?»

«አዎ። አንዴ የገባበትን ኔትወርክ ያስቀምጠዋል። ሌላ ቀን ሲከፈት ማንንም ሳይጠይቅ ይገባል።»

«ማሎ ልጄ፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዕቃ ሰው ካላንቀሳቀሰው የትም አይሄድም። ቆርቆሮ በራሱ ጣሪያ ላይ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።»

«ይሄ ቆርቆሮ አይደለም ሀጂ።»

«ከምን ነው የተሠራው ታዲያ?»

ሀጂ ሲናገሩ ልክ ይመስለኛል፣ ሙቢና ስትናገርም ልክ ይመስለኛል። ሰው እንዲህ ግራ ሲገባው የራሱን እጅ መጠራጠር ይጀምራል። ምናልባት ነክቼው ይሆን? አልኩ በሆዴ።

«ላፕቶፑን አምጪው» አለችኝ ሙቢና።

አመጣሁ።

«ሀጂ፣ እርስዎ ይክፈቱት። ፈይሩዛ እጇን ጭኗ ላይ ታድርግ።»

ሀጂ ክዳኑን በሁለት ጣት አነሱት፣ ትኩስ ድስት ይመስል። ቆየን። ናኢማ ስልኳን ታያለች።

«ገባ» አለች።

«ምኑ?»

«ላፕቶፑ። ይኸው፣ ፈይሩዛ ይላል።»

ሀጂ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ማን ነካው?»

«ከእርስዎ በስተቀር ማንም» አለች ሙቢና።

«ታዲያ የናኢማን ኢንተርኔት የወሰድኩት እኔ ነኝ?»

«በዚህ ስልክ ከሄድን፣ አዎ።»

«ወላሂ አልወሰድኩም» አሉ።

ያሉትን ራሳቸው ሰሙት። ሻዩን አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። «ለካ እንዲህ ነው የማልሽው» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔ ደግሞ የዳታ ጥቅሌ ዘንድሮ ምን ነክቶት ነው የማያልቀው እያልኩ ነበር» አልኩ።

ናኢማ ልትስቅ ብላ ተወችው።

«እንግዲህ የተቀመጠው ይጥፋ» አለች ሙቢና። ሴቲንግ ከፈተች፣ ዋይፋይ ውስጥ ገባች፣ የተቀመጡትን አወጣች። ሀያ ሦስት ናቸው። ሁሩታ ሥልጠና የወሰድኩበት ትምህርት ቤት። ኢተያ ቁርስ የበላሁበት ካፌ። ጎበሳ ያደርኩበት ሆቴል። ግማሹን የት እንደሆነ እንኳ አላስታውስም።

ሀጂ እንደገና አላማራቸውም።

«ይሄ ሁሉ ያስተናገደሽ ሰው ነው። መሰረዙ ነውር አይሆንም? ደግሞ ስትሰርዢው የነሱም ቢጠፋባቸውስ?»

እኔም ይህንኑ ነበር የማስበው።

«የነሱ አይነካም» አለች ሙቢና። «የሚጠፋው እዚህ ውስጥ ያለው ቁልፍ ነው። ሀጂ፣ እንግድነት ሄደው ሲመለሱ የሰውን ቤት ቁልፍ በኪስዎ ይዘው ይመጣሉ?»

«ለምን ብዬ?»

«ፈይሩዛ ሀያ ሦስት ይዛ ነው የምትዞረው። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ቁልፉ ሁሉ ለሌባው ነው። ይሄ የጎበሳው ሆቴል ደግሞ ፓስዎርድ የለውም። ነገ አንዱ ተንኮለኛ በዚሁ ስም የራሱን ቢከፍት፣ ላፕቶፑ ሆቴሉ መስሎት ሰተት ብሎ ይገባለታል።»

«ስም ብቻ አይቶ?»

«ስም ብቻ አይቶ።»

ሀጂ ላፕቶፑን ጎንበስ ብለው አዩት። «ሞኝ ነው እንዴ ይሄ ዕቃ» አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «አጥፊው ልጄ። ልጅቷ ትማር። አንቺም ማን ቤት እንዳለሽ እወቂ። የማያስፈልግሽን የሰው ቁልፍ አትያዢ፣ ነገ ሌላ ጋ እንዳትጠረጠሪ። የልጄም ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ አንድ አለ፤ ሙቢና፣ ነገ መጥተሽ እዪልኝ።»

«እሺ ሀጂ።»

ናኢማን አዩዋት። «አንቺስ?»

«ዓይኔ እያየ ነው የገባው። ምን እላለሁ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ፦ «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አልኩ።

ከእያንዳንዱ ስም ጎን ፎርጌት፣ እርሳው እንደማለት፣ የሚል አለ። አንድ በአንድ ነካሁት። ሁሩታ ሄደ፣ ኢተያ ሄደ፣ ጎበሳ ሄደ። የናኢማን መጨረሻ ላይ አጠፋሁት። ከስልኳ ላይ ስሜ ጠፋ።

«ትምህርቷ አስራ አንድ ተኩል ላይ ያልቃል» አለች ናኢማ። «ከዚያ በኋላ ማን ከለከለሽ?»

ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞርኩት። ፓስዎርዱን ራሷ ጻፈች። እኔም «በራሱ ይገናኝ» ከሚለው ላይ ምልክቱን አነሳሁ።