አራት መኝታ ቤት ከነባሕሩ

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን ከንፈሯ ላይ ደርድራ የወንድሟ ሚስት እግር ስር ተንበረከከች። እንግዳዋ አንዲት አጭር የእንጨት ሳጥን ላይ ቆማለች። የምትሞክረው ቀሚስ ስስ ነው፤ እጅጌ የለውም፣ ትልልቅ ቢጫ አበቦች ተበትነውበታል። እንዲህ ያሉ አምስት ቀሚሶች ታዘዋል፣ ሁሉም ሐሙስ ለሚነሳ አውሮፕላን። ልብስ ሰፊዋ በስፒል መሃል ማውራት የለመደች ናት፤ ቃሏ ትንሽ ሾል ብሎ ይወጣል እንጂ አይጠፋም።

“ቀጥ በይ እህት ዓለም፣ ቁመቱን ልያዝ... ዝናቡስ ዛሬ ተወን አይደል? ጠዋት መስኮት ስከፍት ሰማዩ ጥርት ብሏል። የአውቶቡሱ ሰልፍ ብዙ አቆመሽ? ውይ፣ ለካ አንቺ በመኪና ነሽ... ይቅርታ። እኔ የምረሳው ነገር ብዛቱ! ዕድሜ ነዋ፣ ምን ላድርግ። ጨርቁስ ቀለለሽ? ለሙቀት አገር እንዲህ ያለ ነው የሚሆነው፣ ነፋስ ያስገባል። ሙቀት ስል አንድ ደንበኛዬ ትዝ አሉኝ። አንቺ አታውቂያቸውም...”

ታውቀዋለች። ሠላሳ ዓመት አንድ ትራስ ተጋርተዋል። ልብስ ሰፊዋም ታውቀዋለች፤ ከአንድ ጡት ጠብተዋል። ሰውየው የአንዷ ባል፣ የሌላዋ ታላቅ ወንድም ነው፤ አምና ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። በዚህች ጠባብ የስፌት ክፍል ውስጥ ግን ስሙ እንዳይነሳ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ተስማምተዋል።

“በጣም ጨዋ ሰው ናቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሲቀጡ... ማለቴ ሲያስተምሩ የኖሩ። ለጡረታ ሽኝታቸው የሱፋቸውን ወገብ ያሰፋሁላቸው እኔ ነኝ። ሹመት ሲያሰፋ አይተሽ ታውቂያለሽ? በር ላይ ቆመው አንድ ደቂቃ ያረፈደውን ተማሪ ከውጭ ያስቀሩት ነበር አሉ። በየሰልፉ ‘ሰው ለቃሉ ይኑር’ ይሉ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ማረፍ አይገባውም? ይገባዋል እንጂ! የት ይረፍ ታዲያ? እዚህ ምን አለ? ዘመድ ነው ያለው። ዘመድ ደግሞ መች ያሳርፋል? ‘አባትህን ከጠየቅህ ስንት ጊዜህ ነው’ ይላል፣ ‘ሐኪም ቤት ተራው የማነው’ ይላል... የዚያ ሙቀት አገር ዘንባባ ግን ምን ይልሻል? ምንም። ጦጣም ቢሆን ሙዝ እንጂ ሌላ አይጠይቅም።

“እዚያ የገዙትን ቤት በስልካቸው አሳዩኝ። ውበቱ! ነጭ ነው። አራት መኝታ ቤት፣ የዋና ገንዳ፣ ሰፊ ሰገነት። ሰገነቱ ላይ ቁጭ ስትይ ባሕሩ እግርሽ ስር ነው። ኋላ ሄደው ሲያዩት ባሕሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ተገኘ አሉ... በመኪና ሁለት ሰዓት። ፎቶ አንሺው ጎበዝ ነው፣ ሳብ አድርጎ አስጠግቶታል። ታዲያ ምን አለበት? የሩቁን አቅርቦ የቅርቡን አርቆ ማየት ቀላል ስጦታ ነው? እሳቸው እኮ ከፎቶ አንሺውም በፊት ተክነውበታል... ክንድሽን ከፍ አድርጊ እስቲ። እንዲህ። ተባረኪ።

“የዚያ አገር ሕግ ደግሞ ይገርማል። የውጭ ሰው ቤቱን ይገዛል እንጂ መሬቱን አይገዛም። ቤቱ የሳቸው፣ ከስሩ ያለው አፈር የሌላ ሰው! እኔ ደንቆሮዋ ‘ታዲያ ምን ላይ ቆሞ ነው?’ ብዬ ጠየቅኩ። ሳቁብኝ። ‘አንቺ የውል ነገር መች ይገባሻል’ አሉኝ። እውነታቸውን እኮ ነው... የውል ነገር መች ይገባኛል?”

እዚህ ላይ እጇ ቆመ። አንዱ ስፒል ከንፈሯን ጫር አድርጓት ነበር። በምላሷ ዳበስ አድርጋው ቀጠለች።

“ጫማ ቁም ሳጥን ውስጥ ካስቀመጡት በሳምንት ይሻግታል አሉ። ከርጥበቱ የተነሳ ጨው ውሃ ሆኖ ይጠብቅሻል። ገንዳውም እስኪመጡ ድረስ አረንጓዴ ሆኖ እንቁራሪቶች ገብተውበታል፣ ማታ ማታ ሲዘፍኑ ያድራሉ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ለእንቁራሪት እንኳ ቦታ የማያጣ ቤት... እንዲህ ያለ ሰፊ ልብ ዛሬ ከየት ይገኛል?

“መኝታ ቤቶቹን ልቁጠርልሽ። አንዱ ለሳቸውና ለባለቤታቸው ነው። ባለቤታቸው እንኳን የተመረጡ ሴት ናቸው፤ አንድ ቀን ቃል ሲወጣቸው አልሰማሁም። ባል ምን ቢሠራ፣ ምን ቢያፈርስ፣ ጸጥ! እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት ይመጣል? ሁለተኛው ለልጃቸው ነው፣ ለዕረፍት ስትመጣ። ሦስተኛው ለእንግዳ። አራተኛውስ? ‘ለስፖርት ነው’ አሉኝ። ቆመው የሚሮጡበት ማሽን አለ አይደል፣ እሱ ይገባበታል። ሳይሄዱ መሮጥ! ‘አባትዎስ?’ አልኳቸው... አባት አሏቸው፤ ሰማኒያ ሰባት ዓመታቸው፣ አናጢ የነበሩ። ‘አይ፣ ለአባዬ ሙቀቱ አይስማማውም’ አሉኝ። አየሽ አሳቢነት? ሽማግሌው ጉልበታቸውን የጨረሰው ብርድ ነው። በሐምሌም በጥርም ብርድ ልብስ ከትከሻቸው አይወርድም። ሐኪሙ እንዲያውም ‘ሞቃት ቦታ ቢኖሩ ይሻላቸዋል’ ብሎ ጽፎ ሰጥቷል፤ ወረቀቱ እዚህ መሳቢያዬ ውስጥ... ማለቴ፣ አንድ ቦታ አለ። ግን ሐኪም ምን ያውቃል? አባትን የሚያውቀው ልጅ ነው።”

ከክፍሉ ጥግ፣ ከግራጫው መጋረጃ ወዲያ፣ እንጨት የሚላግበት ድምፅ ይሰማል። ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይሄዳል። ሽማግሌው እዚያ ነው የሚኖሩት። አልጋቸውን ያስገባችው የጨርቅ መደርደሪያዋን አፍርሳ ነው። ልጃቸው በመኪና አምጥቶ ያደረሳቸው ዕለት “ሁለት ሳምንት ብቻ፣ ጣሪያው ታድሶ ቀለሙ እስኪደርቅ” ብሎ ነበር። ይኸው ዘጠነኛ ወሩ ነው። በየጠዋቱ ፊታቸውን ታጥበው ሲጨርሱ “ቀለሙ ደረቀ?” ይላሉ፤ እሷም በየጠዋቱ አንድ ምክንያት ትፈልጋለች። አንድ ቀን ዝናብ፣ አንድ ቀን ቀለም ቀቢው ታሞ፣ አንድ ቀን ሁለተኛ ዙር ሊቀባ ነው። ምክንያት መፍጠር ከስፌት ይልቅ አድክሟታል።

“ሽማግሌው ድሮ በገዛ እጃቸው የሠሩት ቤት ነበራቸው። በሩን፣ መስኮቱን፣ የልጆቹን አልጋ ሳይቀር። ልጃቸው ‘ጣሪያው ያፈሳል፣ ላሳድስልዎ’ አሏቸው። ጥሩ ልጅ አይደሉ? ወረቀት አመጡ፣ ‘የእድሳት ፈቃድ ነው’ አሉ። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል፤ ስለዚህ ጣታቸውን ይዘው መስመሩ ላይ አሳረፉላቸው። እጅ ይዞ ማስጻፍ የመምህር ሙያ ነው፣ ምን ይደንቃል? ምስክሮችም ነበሩ፣ ሁለት። አንዷ ሴትዮ መነጽሯን ረስታ መጥታ ነበር አሉ... ‘ግድ የለሽም፣ እዚህ ጋ ብቻ ፈርሚ’ ሲሏት ፈረመች። ምን ታድርግ? ታላቅ ወንድም... ታላቅ ሰው ሲያዝ እምቢ ይባላል? በኋላ ነው ወረቀቱ የሽያጭ መሆኑን የሰማችው። ቤቱ ለካ ጣሪያው ብቻ ሳይሆን ሁለመናው ታደሰ፤ ባለቤቱም ጭምር አዲስ ሆነ!”

ሳቀች። እንግዳዋ አልሳቀችም። መነጽሯን የረሳችው ሴትዮ ልብስ ሰፊዋ ራሷ ነበረች። ያን ቀን መነጽሯ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ወንድሟ ፊት አውጥታ ማንበብ እሱን እንደ መጠርጠር መስሏት አፍራ ነው የተወችው። “ረሳሁት” ማለት ቀሏት ነበር፤ አሁን ደግሞ ሌሊት ሌሊት የሚነሳባት ይኸው ነው።

ዛሬ ጠዋት የወንድሟ ሚስት ቀሚሶቹን ልትለካ ስትገባ ልቧ ድንግጥ ብሎ ነበር። ወንድሟ ከኋላ የሚከተል መስሏት በሩን ሳትዘጋ ትንሽ ቆየች። የመጣው ግን መልእክት ነው፦ “አባዬን መሰናበት አልችልም፣ ልቤ አይችለውም በያት።”

“እና ሐሙስ ሊሄዱ ነው። ሰው ‘አባትዎን አይሰናበቱም ወይ’ ቢላቸው ‘ልቤ አይችልም’ አሉ። እንዴት ያለ ስስ ልብ ነው በፈጠረሽ? ከዚህ ጨርቅ ይሰሳል እኮ! እኛ ደንዳኖቹ ነን እያጠብን፣ እያጎረስን፣ ጉልበት እያሸን የምንኖረው። ስስ ልብ ያለው ሰው ከሩቅ ነው የሚወደው... ዞር በይ እስቲ፣ ጀርባው ጨምደድ ብሏል። ወይስ አንቺ ነሽ የተጨማደድሽው? ቀና በይ።”

መላጊያው ጸጥ አለ። መጋረጃው ገለጥ ብሎ ሽማግሌው ወጡ። ብርድ ልብስ ደርበዋል፣ እጅጌያቸው ላይ የእንጨት ልጣጭ ተጣብቋል። ሳጥኑ ላይ የቆመችውን ባለ ቢጫ አበባ ሴት ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋት፤ ለይተው ሲያውቋት ፊታቸው በራ።

“ምራቴ! መጣሽ? ቀለሙ ደረቀ?”

እንግዳዋ ወለሉን አየች። እዚያ ምንም አልነበረም፣ ብጥስጣሽ ክርና አንድ ቁልፍ እንጂ።

ልብስ ሰፊዋ ዝግጁ ምክንያት ነበራት። ርጥበት ይዞት ነው ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ እየነቀለች መዳፏ ላይ አስቀመጠች። ተነሥታ ቆመች። ለአንድ ሰዓት ያህል ስትሸምን የቆየችው ነገር ሁሉ ድንገት ሰለቻት።

“አባባ፣ ቀለም የለም። ቤትዎ ተሽጧል። ልጅዎ ሸጦ ሌላ አገር ቤት ገዝቶበታል። ምስክር ሆኜ የፈረምኩት እኔ ነኝ። መነጽሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።”

ሽማግሌው እጅጌያቸው ላይ ያለውን ልጣጭ ለቀም አድርገው በጣታቸው አሹት።

“አውቃለሁ” አሉ።

“ያውቃሉ?”

“አንቺ ገበያ የሄድሽ ቀን በዱላዬ እየተመረኮዝኩ ሄጄ አየሁት። የብረት በር አስገብተውበታል። የኔ በር አጥሩ ላይ ተደግፎ ዝናብ ይመታዋል። አዲሷ ባለቤት ደግ ሴት ናት፣ ወንበር ሰጠችኝ።”

“ታዲያ ለምን በየጠዋቱ ይጠይቁኛል?”

“እንድትነግሩኝ ነዋ። ስጠይቅ ትነግሪዋለሽ፣ ያፍራል፣ ይመጣል ብዬ። አንቺ ነገርሽኝ። ሁለት ልጅ ወልጄ አንዱ እውነቱን ከነገረኝ እኔ አልከሰርኩም።” ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። “ቀሚሱ አምሮብሻል፣ የኔ ልጅ። ጸሐይ ላይ ራስሽን ሸፈን አድርጊ” አሉና መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። መላጊያው ተመለሰ።

እንግዳዋ ከሳጥኑ ስትወርድ እግሯ ሳተ፤ ልብስ ሰፊዋ በክንዷ ደገፈቻት። ልብሷን በችኮላ ስትቀይር ካፖርቷን አዛብታ ቆለፈችው። ዓይኗ ቀልቷል። ወደ መጋረጃው አንድ እርምጃ ሄደችና ቆመች፤ ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ በሩ ዞረች።

ልብስ ሰፊዋ ደረቷ ቅልል ብሏታል፣ ከዘጠኝ ወር ወዲህ እንዲህ አልተነፈሰችም። የራሷን ድርሻ ተናግራለች። የቀረው የሌላው ሰው ድርሻ ነበር። እጇን መጎናጸፊያዋ ላይ ጠራረገች፣ ያዛነፈችውን ቁልፍ ፈትታ በትክክለኛው ቀዳዳ አስገባችላት፣ ኮሌታዋን አስተካከለችላት። ድምፅዋ እንደ ጠዋቱ ለስልሶ ተመለሰ።

“ቀስ በይ እህት ዓለም፣ እንዲህ ሆነሽ መንገድ ላይ ብርድ ይመታሻል። ቀሚሶቹ ረቡዕ ይደርሳሉ፣ ባይመችሽ ሰው ላኪ... መላኩ እንደሆነ እናንተ ቤት አይቸግርም። የስፌቱን ነገር አታንሺብኝ፣ የኔ ስጦታ ይሁን። እንግዲህ እስከዚያ ካልተገናኘን ሳልመርቅሽ አትሂጂ። መንገዳችሁን ጨርቅ ያድርግላችሁ። ቤቱን የደስታ ያድርግላችሁ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣችሁ፣ ሰማኒያ ሰባትን አልፋችሁ ዘጠና፣ መቶ ግቡ። ጉልበታችሁ ሲደክም፣ ዓይናችሁ ሲፈዝ፣ የሰው እጅ ስታዩ... ያቺ አንድ ልጃችሁ አባቷን ቁርጥ ትሁንላችሁ! በመልክ ብቻ አይደለም፤ በልቧም፣ በእጇም፣ በአሳቢነቷም ቁርጥ አባቷን።

“...አሜን በይ እንጂ! ምነው ደነገጥሽ? ምርቃት እኮ ነው።”